ማዶ የሸኘሁት ፊት

ባለቤቴ ከሞተ ዓመቱ ዞረ፣ ተዝካሩም ወጣ፤ እኔ ግን ከሉን አላወልቅ አልኩ። እህል አፌ አይገባም፤ ቢገባም አይወርድም። ምንጭ ስወርድ፣ ቆሎ ስቆላ፣ ፊቱ ከፊቴ አይጠፋም። እሱን እያየሁ እውላለሁ፤ ሲመሽም እያየሁት እተኛለሁ። ቤታችን ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ወዲያ።

የኔ ልጅ፣ የዚች የምትጽፍልኝ ልጅ እናት፣ ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ ከተማ አስተማሪ ነበረች። ልጅ ሳለች ሰው ፊት ቃል አይወጣትም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ነበር የምትደበቀው። አስተማሪ ሆናም ስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ ከሰው ኋላ ትሸሸጋለች አሉ። ታዲያ አንድ ሰው አለ፣ አነቃቂ ተናጋሪ የሚሉት። የሱን ንግግር በስልኳ እየሰማች እየሰማች ሌላ ሰው ሆነች። ጠዋት ተነስታ መስታወት ፊት ትቆምና "እኔ እችላለሁ! ዛሬ የኔ ቀን ነው!" ትላለች። ለእረፍት እኛ ዘንድ መጥታ እንዲህ ስትል ጎረቤቴ ከደጅ ሰማቻት።

"ምነው፣ ልጅሽ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?" አለችኝ።

"ከራሷ ጋር" አልኳት።

"እንግዲያ ገላጋይም አያሻት!" ብላ ሳቀች።

እውነቱን ልናገር፣ ልጄ ተለውጣለች። ያቺ ጓዳ የምትደበቅ ልጅ የመምህራኑን ስብሰባ የምትመራ ሆነች። ስለዚህ "እማዬ፣ ሰውየው ንፋስ መውጫ ሊመጣ ነው፤ አንቺንም እወስድሻለሁ፤ እንዲህ ሆነሽ እያየሁ ዝም አልልም" ስትለኝ እንቢ ማለት ከበደኝ። የነፍስ አባቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው።

"ምን ያደርጋል ይሄ ሰው?" አሉኝ።

"ያወራል አሉ፣ አባ።"

"ወሬ ብቻ ከሆነ ሂጂ። እጄን ልጫንብሽ ካለ ግን ጥለሽው ውጪ።"

መኪናው ሲያንገጫግጨን ውሎ ደረስን። አዳራሹ ሙሉ ወጣት ነው፤ ከል የለበስኩ እኔ ብቻ። ሰውየው ቀጭን ነው፣ ሱፍ የለበሰ፣ እንደ ፌንጣ ወዲያ ወዲህ የሚል። አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር እኔ "አሜን" እላለሁ። ሰው ሲሰብክ አሜን አይደል የሚባለው? ልጆቹ ይስቃሉ። በኋላ እሱም ሰማኝ።

"እማማ፣ እዚህ እንኳ 'አዎ' ነው የሚሉት" አለኝ።

"አዎ፣ አሜን" አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ትምህርቱን ልጄ ኤን ኤል ፒ ትለዋለች። አእምሮ ነገርን የሚያስቀምጠው በሥዕል ነው፣ ሥዕሉን ከለወጥሽው ሕመሙም ይለወጣል፤ እኔ የገባኝ ይሄ ነው። ዓይናችሁን ጨፍኑ አለን።

"የሚያማችሁን ነገር አምጡት። ፊት ለፊታችሁ አቁሙት። አሁን ቀለሙን አጥቡት፣ ይደብዝዝ። ግፉት፣ ይራቅ። ይነስ፣ ይነስ፣ የጤፍ ፍሬ ይሁን።"

ሌላው ሰው ፈተና የወደቀበትን ቀን ነው ያመጣው፤ የሰደበውን አለቃ ያመጣም ነበር አሉ። ልጄም እኔ አባቷ የሞተበትን ቀን የማመጣ መስሏታል። እኔን ግን የሚያመኝ እሱ ነዋ! እሱን አመጣሁት። ጋቢውን እንዳጣፋ ፈገግ ብሎ መጣ። እኛ አገር ሰው ሲሸኙ እስከ ወንዝ ነው፤ ከዚያ መንገደኛው ማዶ ዳገቱን ሲወጣ፣ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ማየት ነው። ግፉት ሲለን እኔም እንደዚያው አድርጌ ሸኘሁት። ዳገቱን ወጣ፣ አነሰ፣ ነጥብ ሆነ፣ ጠፋ።

ዓይኔን ስገልጥ ደረቴ ቅልል ብሎኛል። ያን ቀን ልጄ ቤት ጠግቤ በላሁ። ሰንብቼ ከሉንም አወለቅሁ። ልጄ ምን ልበልሽ፣ እልል ነው ያለችው። "አየሽ እማዬ፣ ሰው ይለወጣል!"

ከዚያ ወዲያ አንድ ጎረቤታችን ሞተና ለቅሶ ሄድን። እኛ ዘንድ በሰው ለቅሶ የራስ ሙት ይለቀሳል። አልቃሿ ትጀምራለች፤ ሴቱም በየተራ የየራሱን ሰው መልኩን፣ ቁመናውን፣ ሙያውን እያነሳ ያለቅሳል። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዳገቱ አለ። እሱ የለም። ጥርሱ ፍንጭት እንደነበር አውቃለሁ፣ ሲስቅ ግራ ዓይኑን ጨፈን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ በቃል አውቀዋለሁ እንጂ አላየውም። ተራዬን ለምትቀጥለዋ ለቀቅሁ።

"ምነው አንቺ፣" አለች አልቃሿ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከሉን ስታወልቂ ሰውየውንም አብረሽ አወለቅሽው?"

ፎቶ የለው፣ ምን ላይ ልየው! አንድ ጊዜ ወገዳ ገበያ ፎቶ አንሺ አይቼ "ተነሳ እንጂ" ብለው፣ "ለማን ብዬ? አንቺ ታይኝ የለ?" ብሎ ጥሎኝ ነበር የሄደው።

ልጄ ስትመጣ ነገርኳት። ክው አለች።

"እማዬ! ሕመሙን እንጂ አባዬን ማን ግፊው አለሽ?"

"ለይቶ አልነገረኝማ።"

"ሁለት ነገር እኮ ናቸው!"

"ላንቺ ሁለት ይሆናሉ። እኔ ዘንድ አንድ ናቸው።"

እንባዋ መጣ። ለሷም አባቷ ነው። ትንሽ አልቅሰን ስናበቃ፣ በተማረችው መንገድ ልትመልስልኝ ወገቧን ታጥቃ ተነሳች። "ጨፍኚ። ማዶው ታየሽ? ጥሪው። ቅርብ አድርጊው፣ ቀለም ጨምሪበት።" ብጠራው ብጠራው የሚመጣው ጋቢው ነው፤ ባዶ ጋቢ። እሷ ስትሄድ ከሉን መልሼ ለበስኩ፤ ሕመሙ ከተመለሰ እሱም ተከትሎት ይመጣ ይሆናል ብዬ። ሕመሙ ተመለሰ፤ እሱ ቀረ።

ያን ተናጋሪ ሰውዬ አልረግመውም፣ ይሄን ጻፊው። ልጄን ከጓዳ አውጥቶልኛል። ወጣት ነበር፤ ምናልባት እሱ ራሱ ማዶ የሸኘው ሰው ገና አልነበረውም።

ኋላ በጥር ወር የወንድሜ ልጅ ጤፍ ሲያበራይ አውድማው ዳር ተቀምጬ ነበር። በሬዎቹን "ዙር! ዙር!" እያለ ሲነዳ፣ ከሱ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ባለቤቴ ነው። ዳተኛውን በሬ እየሰደበው ነው፤ "አንተ የተዝካር ተማሪ! ለመብላት ብቻ ነው የመጣኸው?" ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ለልጄ በስልክ አስደወልኩ።

"ድምፁ መጣልኝ" አልኳት።

"እሰይ! ድምፅም እኮ መንገድ ነው፣ እማዬ። ፊቱስ?"

"ጀርባውን ነው የሰጠኝ። ከበሬው ጋር ነው ጠቡ።"

"ጥሪው እንጂ!"

"ሥራ ላይ ያለን ሰው እንዴት እጠራዋለሁ?"

ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ማንም ይውቃ፣ ሄጄ ዳር እቀመጣለሁ። ሰዉ እህል የማግዝ ይመስለዋል። ባለቤቴን አልጠራውም። በሬውን ሲፈታ ዞር ይል ይሆናል።