ሳልጠይቀው የቀረሁት ስም

የጉዞ ትእዛዝ የደረሰን ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከለገሃር በጭነት መኪና ወጣን። ዘመኑ የድንበሩ ጦርነት ነው። እኔ የቀድሞው ሠራዊት ድሬሰር፣ ቁስል አካሚ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ አርባን አልፏል። ለቀድሞ ወታደሮች ጥሪ ሲደረግ የካዛንቺስ ቤቴን ቁልፍ ለእህቴ ሰጥቼ ሄድኩ። የእህቴ ልጆች ስለ ግንባሩ ሲጠይቁኝ ጀግንነት መስማት ይፈልጋሉ። እኔ ያለኝ የአንድ ሰው ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ። ስወለድ አራስ ጠያቂዎች የጆሮዬን ጫፍ ገልጠው አይተው «ይህቺስ ትጠቁራለች» አሉ። ሕፃን ቀይ ሆኖ ቢወለድም የጆሮው ጫፍ የኋላ መልኩን ይናገራል ይባላል። አልተሳሳቱም፤ ጠቆርኩ። ትምህርት ቤት «ጥላሸት» ተባልኩ። ለጋብቻ ሊያዩኝ የመጡ ሰዎች ሻይ ጠጥተው ሄዱ፤ አልተመለሱም።

ግንባርም ያው ነው። አመሻሽ ላይ ምሽግ ውስጥ «እትዬ፣ እስቲ ይሳቁና የት እንዳሉ እንይ!» ይሉኛል። በአክብሮት ነበር የሚሰድቡኝ። እኔ ፋሻዬን እጠቀልላለሁ።

ከዚያ ከባሮ ወንዝ በኩል የመጣ አንድ ቃሬዛ ተሸካሚ ተመደበልን። ረጅም ነው፤ ከእኔ በጣም ይጠቁራል። ገና ከመኪና ሳይወርድ አንዱ ወታደር «ኧረ መሸ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጠሪያው «ሌሊት» ሆነ። እኔን ረሱኝ። እውነቱን ልናገር፣ ቀለለኝ። አብረን በቆየንባቸው ዐሥር ቀናት አንድ ጊዜ እንኳ «ተዉ» አላልኩም።

በሁለተኛው ቀን ቃሬዛ ስንጠግን «እህቴ፣ ስምሽ ማን ነው?» አለኝ።

«አስካለ።»

«አስካለ» አለ፣ እንደሚያጠና ሰው። ከዚያ በኋላ በስሜ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። እኔ መልሼ አልጠየቅሁትም። የቃሬዛውን የትከሻ ማንገቻ እየሰፋሁ ነበር።

ማጥቃቱ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ጀመረ። ሞርታር ቀደመ። መትረየስ ቀጠለ። እኛ ከኮረብታው ጀርባ ቁስለኛ እንቀበላለን። እሱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ረፋድ ላይ ያንን «ኧረ መሸ» ያለውን ወታደር አዝሎ አመጣው። እግሩ ተመቷል። ኮዳውን ሲያቀርብለት ወታደሩ ፊቱን አዞረ።

«ከሱ አልጠጣም። እትዬ፣ የርስዎን ይስጡኝ።»

ሰጠሁት። ሌሊት ኮዳውን ከደነ። እኔም በልቤ እንደዚያ ነበር የምጠራው። «አስካለ፣ ላይ ሌላ አለ» ብሎኝ ተመለሰ። ስድስት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ለቀቅን። እሱ አልወረደም።

ሙታናችንን ማንሳት የቻልነው በሦስተኛው ቀን ነው። ፀሐይ ላይ ሰንብተዋል። በመልኩ ፈለግሁት፤ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ሁሉም ጠቁረዋል። ቀዩም ጠይሙም አንድ ሆኗል። በመጨረሻ ትከሻው ላይ በቀረው ማንገቻ አወቅሁት። ስፌቱ የኔ ነው።

መዝገቡ በእጄ ነበር። ስም፣ የአባት ስም። የእሱ ወረቀት ሞርታር ከመታው መኪናችን ጋር ተቃጥሏል።

«ማን ይባላል?» አልኩ።

«ሌሊት ነዋ!» አለ አንዱ። የሳቀ የለም።

«ስሙን ነው የምጠይቀው።»

አዛዡ «ያንኑ ጻፊውና እንሂድ» አለኝ። አልጻፍኩም። ሃያ ሦስት ሰው ቀበርን። ሃያ ሁለት ስም ጻፍኩ።

ከተመለስኩ በኋላ ሊያውቁ ይችላሉ ወደተባሉ ቢሮዎች ሄጄ ነበር። ለቤተሰቡ መርዶ እንዲደርስ ብዬ ነው። «ስሙ ማን ነው?» ይሉኛል። መሄዱን ተውኩት። እናቱ ስሙን ታውቃለች፤ የት እንደተቀበረ አታውቅም። እኔ የተቀበረበትን አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ እዚሁ ካዛንቺስ ወለደች። አብራን አራስ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት የሕፃኗን ጆሮ ገለጥ አድርጋ «ውይ፣ ይህቺስ እትዬ አስካለን ልትመስል ነው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ።

«ተዪ» አልኳት። የሕፃኗን ጆሮ በሻርፔ ሸፈንኩ። «ስሟ ማን ተባለ?»

«ገና አላወጣንላትም፣ አክስቴ» አለች እናቷ።

«ዛሬ አውጡላት።»