የቼሎው ተኸስተ ሁለት ፈተናዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ተኸስተን የማያውቅ ሬዲዮ የሌለው ሰው ብቻ ነበር። ቡልጋርያ ስድስት ዓመት ቼሎ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ አሥር ዓመት ያህል ትልልቆቹ በዓላት ያለ እሱ አልተከፈቱም። ልጆች በቴሌቪዥን ሲያዩት መሣሪያውን «ትልቁ ማሲንቆ» ይሉት ነበር። አዋቂዎቹ «ቼሎው ተኸስተ» የሚል ስም አወጡለት። አገሩን ጥሎ ሲሰደድ ስሙ እስከ ሱዳን ተከተለው። ከዚያ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒያፖሊስ ግን አልተሻገረም።

በፈረንጆቹ 1994 አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንሶላ ያጥባል፣ ያጣጥፋል። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ሮዝቪል ባለው አፓርታማው መኝታ ቤት ገብቶ፣ ጎረቤት እንዳይከሰው ቼሎው ላይ የድምፅ ማፈኛ ጎማ ሰክቶ ይለማመዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ በታፈነ ድምፅ ተጫወተ። ያገሩ ሰዎች ለሠርግ የሚፈልጉት ኪቦርድ የሚችል ሰው ነበር። ለማስተማር ሲያመለክት ደግሞ የአሜሪካ ዲግሪ ጠየቁት።

በዚያ ዓመት የከተማው አንድ ኦርኬስትራ ቼሎ ተጫዋች እንደሚፈልግ በጋዜጣ አወጣ። ዲግሪ አልጠየቀም። ፈተናው ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ ዳኞቹ የሚጫወተውን ሰው አያዩም፣ ስሙንም አያውቁም፣ የሚነገራቸው ቁጥሩ ብቻ ነው። የሴት ጫማ ከወንድ ጫማ በድምፁ እንዳይለይ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። ተፈታኙ አንድ ቃል ከተነፈሰ ይሰረዛል። ተኸስተ ደንቡን ሲያነብ ደስ አለው። ቆዳውን፣ አነጋገሩን፣ ዕድሜውን ውጭ ትቶ ጣቶቹን ብቻ ይዞ የሚገባበት በር እስከዚያ ቀን አላገኘም ነበር።

ቁጥሩ አሥራ ሰባት ሆነ። አንዲት ሴት በምልክት አስገባችው። የመጀመሪያውን ክፍል ተጫወተ። ሁለተኛውን ጀመረ፤ ደጋኑ ከክሩ ሳይነሳ የሚፈስ፣ ዝግ ያለ ዜማ ነው። ግማሹ ላይ ሲደርስ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው አስነጠሰ።

«ይማርህ» አለ ተኸስተ።

ደጋኑ አልቆመም። ምን እንዳለ ለራሱ የገባው አንድ መስመር ከተጫወተ በኋላ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሹክሹክታ ተሰማ፤ ቀጥሎም አንድ ድምፅ አመስግኖ አስቆመው። ሴትዮዋ ወደ ኮሪደሩ አውጥታ ደንቡን ደገመችለት። ሰው አስነጥሶ ነው አላት። እሷም ሰምታለች። ማዘኗን ነገረችው፤ ሌላ ጊዜ ማስታወቂያ ሲወጣ እንዲያመለክት መከረችው። እስከዚያ ድረስ እንዴት እንደተጫወተ ጠየቃት። ዳኛ አይደለሁም አለችው።

ቤት ገብቶ ሲነግራቸው፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ዴሊና ለምን ዝም እንዳላለ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ሚስቱ አረጋሽ ቀድማ መለሰች።

«ሰው ሲያስነጥስ ዝም ብሎ የሚያይ አድርጋ አላሳደገችውም እናቱ።»

ወሬው ያገሩ ሰዎች የሚሰበሰቡባት፣ ሌክ ስትሪት ያለችው ሻይ ቤት ደረሰ። ታክሲ ነጂው አንዶም፣ ተኸስተ ሲገባ አውቆ ያስነጥስና አፉን በእጁ ይይዛል። «ጋሼ፣ ዛሬስ ምንም እንዳትል። ዝም አይነቅዝም» ይለዋል። ቤቱ ይስቃል። ሳቁ ሲበርድ ደግሞ ሁሉም አንድ ቃል ይሆናሉ፤ ያ ሰው ባያስነጥስ ኖሮ ወንበሩ ያንተ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ተኸስተ ይከራከራቸው ነበር፤ የተጫወትኩት እኮ አንድ ክፍል ተኩል ብቻ ነው እያለ። እያደር መከራከሩን ተወ። በዓመቱ እሱም እንደነሱ ማለት ጀመረ። አብረውት አንሶላ ለሚያጣጥፉት ሳይቀር አወራላቸው።

በ1996 ያው ኦርኬስትራ እንደገና ማስታወቂያ አወጣ። ተኸስተ ጋዜጣውን ቀዶ ሦስት ሳምንት ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። አረጋሽ ሱሪውን ልታጥብ ስትል አገኘችው። ዕድሜዬ ሄዷል አላት። የመጦሪያው ሳሙና ጣቶቼን አደረቃቸው አላት። እሷ አልለቀቀችውም።

«ፈርተህ ነው» አለችው። «አሁን ብትወድቅ የምታመካኝበት የለህም።»

ቅጹን ሞላ።

የፈተናው ቀን ቁጥሩ አምስት ነበር። ከንፈሩን ነክሶ ገባ። የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሶ ያንኑ ዝግ ያለ ዜማ ጀመረ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ የሚስል የለም፣ ወንበር የሚያንቋቋ የለም። አንድም ቦታ አልተሳሳተም። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ከመጋረጃው ወዲያ ቁጥር አምስትን አመስግነው አስቆሙት። ከምሳ በፊት ያለፉት ሰዎች ቁጥር በሩ ላይ ተለጠፈ። አምስት የለበትም።

ቅዳሜ ሻይ ቤት ሲገባ እንዴት ሆነ አሉት። አልፈለጉኝም አላቸው። ማንም ሊቀበለው አልወደደም። አንዱ ወንበሩ አስቀድሞ ለራሳቸው ሰው ተይዟል አለ። ሌላው መጋረጃው ለይስሙላ ነው አለ። አንዶም ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሱ አድርጋቸው፣ ፍርድ ቤት ገትራቸው፣ ጋሼ። በቀዳዳ አይተውሃል። ጥቁር መሆንህን ባያዩ አንተን የመሰለ ሰው ይጥላሉ?»

«አላዩኝም» አለ ተኸስተ።

«አይተውሃል ስልህ።»

«አላዩኝም፣ አንዶም። በደንብ ሰምተውኛል።»

አንዶም ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ ጋሼ ደክሞታል አላቸው። ስለ ቀዳዳው ማውራታቸውን ቀጠሉ።