አባቴ ከወልዲያ የተመለሰ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ የደርግ ዘመኑ ጦርነት አልቆ የሰቆጣ መንገድ ሰላም በሆነበት ሰሞን፣ የቤታችን ደስታ የሚጀምረው አባቴ ጫማውን አውልቆ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሲቀመጥ ነበር። ይማም ይባላል፤ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ በአምደወርቅ የገበያ ቀን ደግሞ ጣቃውን በጭነት መኪና ጭኖ ይሄድና ማታ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። በአማርኛም በኽምጣንጋም ስለሚገበያይ፣ ከገጠር የሚመጡ እናቶች ሌላውን ሱቅ አልፈው ወደ እሱ ይመጡ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ውሎ ለእኛ የሚሆን ድምፅ ከየት እንደሚያመጣ እናቴ ፋጡማን ሁልጊዜ ይገርማት ነበር።

እራት ተበልቶ፣ ሶላት ተሰግዶ፣ ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምር፣ እኔና ታላቅ እህቴ ዘይነብ በግራና በቀኙ እንሸጎጣለን። ታናሻችን ሰይድ ያኔ ገና ድክ ድክ ይል ስለነበር ቦታው የአባቴ ጭን ነው። በአባቴ ተረት ውስጥ አውሬዎቹ ሁሉ ገበያተኞች ናቸው። ጅብ ጋቢ ሊገዛ ይመጣና ይሄ አጠረኝ፣ ያ ኮሰኮሰኝ እያለ ባለሱቋን ጦጣ ያስመርራታል። አባቴ ጋቢውን በጅቡ ትከሻ ላይ ሲያስተካክል እጁ እውነተኛ ጨርቅ የያዘ ይመስል ነበር፤ ጥላው በኩራዙ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይገዝፋል። አንዳንዴ ድካሙ ያሸንፈውና ጅቡ ዋጋ ሳይቆርጥ እንቅልፍ ይወስደዋል። ያኔ እኔና ዘይነብ በመጨረሻው ላይ በሹክሹክታ ስንከራከር እናቴ ኩራዙን እፍ ትለዋለች።

አንድ በጋ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ወልዲያ ላይ ትልቅ ሱቅ ሊከፍት ነውና አብረን እንሥራ አለው። አባቴ አመነታ። እናቴ ግን ልጆቹ እያደጉ ነው፣ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይገኝም ብላ ገፋፋችው። አያቴ ታምማ አልጋ ላይ ስለነበረች እኛ ሰቆጣን መልቀቅ አንችልም፤ እሱ እየተመላለሰ ሊጠይቀን ተስማሙና ሄደ። ትንሿን ሱቅ እናቴ ያዘች።

አንዴ ብቻ ብቅ ብሎ ተመለሰ፤ ከዚያ ክረምቱ ገባ። ዝናቡ መንገዱን እየቆረጠ አውቶብስ ሲቀር፣ ሊመጣ ያሰበባቸው ቀኖች ሁሉ አለፉ። በመንገደኛ ስኳርና ልብስ ይልክልን ነበር፤ እንዲያውም ያኔ ከቀድሞው የተሻለ በላን፣ የተሻለ ለበስን። ሰይድም በዚያው ክረምት አፉን ፈታ። ማታ ማታ ዘይነብ የጅቡን ተረት ትጀምርልንና፣ የአባቴ ድምፅ አልመጣ ሲላት ትተወዋለች።

አባቴ የመጣው መስከረም ላይ መንገዱ ሲከፈት ነው። እኔና ዘይነብ ጓሮ ልብስ ስናጥብ ድምፁን ሰምተን ሮጥን። ፂሙን አሳድጎ፣ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ዕቃውን መሬት አስቀምጦ ለሰይድ እጁን ዘርግቶ ነበር። ሰይድ አልቀረበውም። ግድግዳውን ተጠግቶ፣ እንግዳ ሲመጣ እንድንል እናቴ ያስተማረችንን በኮልታፋ አፉ አለው፦ «ይግቡ፤ እማዬ ሱቅ ናት።»

እኛ ቤት አባታችንን «አንተ» ነበር የምንለው። አባቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋና ኮቱን እንደለበሰ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ግባ ብንለው እንኳ ቶሎ አልተነሳም።

ያን ማታ እናቴ ወደ ወልዲያ መቼ እንደሚመለስ ጠየቀችው።

«አልመለስም» አላት።

«ሱቁስ?»

«ሱቁ ሰው አያጣም።»

እናቴ በዚያ ሱቅ ብዙ ነገር አስባ ነበርና ፍሙን ስትቆሰቁስ ቆየች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። «እንግዲያው ነገ የኛን ሱቅ አንተው ክፈት፤ እኔ ደክሞኛል» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ቀለል ያለ ነበር።

አባቴ ሰይድን አልጎተተውም። ተረቱን ለእኔና ለዘይነብ ሲነግር ሰይድ ከእናቴ ጉያ ሆኖ ይሰማል፤ በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋ ቆይቶ፣ አንዱን ማታ ራሱ መጥቶ ጭኑ ላይ ወጣ። አባቴ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተረቱን ቀጠለ።

ጓደኛው ወልዲያ ላይ ፎቅ ሠራ። እኛ በዚያችው ቤት ተጣብበን አደግን። አባቴ ጉልበቱ እስኪደክም ጨርቅ ሸጠ፣ ዘይነብን ዳረ፣ የልጅ ልጅ አቀፈ። ሰቆጣ ውስጥ ሞባይል መታየት በጀመረበት ሰሞን ሲሞት፣ ለቅሶው ላይ ያ ጓደኛው፣ ይማም ያን የመሰለ ሱቅ ለምን ጥሎ እንደሄደ እስከ ዛሬ አልገባኝም አለ። ሰይድም ወደ እናቴ ዞሮ ምክንያቱን ጠየቃት። እናቴ አየት አደረገችውና «ቤቱ ናፍቆት ነው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ብዙዎቹ ተረቶች ዛሬ መጨረሻቸው ጠፍቶብኛል። አባቴ ስለ አንዲት የጠፋች ነጠላ ጫማ እንኳ ምሽቱን ሙሉ ማውራት የሚችል ሰው ነበር፤ «ይግቡ» የተባለበትን ዕለት ግን በቀልድ እንኳ ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም። ሰይድ ሰምቶ እንዳይከብደው ይመስለኛል። እኔም አንዳንዴ ልነግረው ከአፌ ይደርስና እተወዋለሁ። ስለ ወልዲያው ሱቅ ቢሰማም፣ ሰይድ አባቱን የሚያስታውሰው ከቤት ርቆ የማያውቅ ሰው አድርጎ ነው።