ቦይ ላይ የተመታ ምስማር

ባለቤቴ የምስማሮቹን ያረጀ ላስቲክ ሊቀይር ጣራ ላይ ወጥቷል፤ እኔ ከታች መሰላሉን ይዣለሁ። ከድንበሩ ማዶ፣ በገላባት በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የረጠበ አፈር ሽታ ከዝናቡ ቀድሞ ደርሷል።

ይህ ሽታ ሲመጣ የመጀመሪያው የመተማ ክረምታችን ትዝ ይለኛል። ከደጋ የመጣው አባቴ የሚያውቀው ሣር ክዳን ነበርና፣ የቆርቆሮውን ምስማር በጉብታው ፈንታ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ መታው። በጋውን ማንም ልብ አላለም። ዝናቡ ሲገባ ግን በየምስማሩ ሥር ያፈስ ጀመር። አባቴ ሰሊጥ እርሻ ላይ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ወባ ያንቀጠቅጠዋል፤ አልጋውን የምናዞርበት ደረቅ ቦታ ጠፋ። እናቴ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆራርጣ፣ በየምስማሩ ሥር ልታደርገው መሰላሉን አስይዛኝ ጣራ ላይ ወጣች።

ነጎድጓዱ ሲቀርብ ጎረቤታችን ሐጂ ከሱቃቸው ወጡ።

«ውረጂ ልጄ» አሏት። «ቀዳዳ የሚደፈነው በበጋ ነው። አሁን የምትጣይው ከሰማይ ጋር ነው።»

«ከልጄ ራስ በላይ ያለው ብቻ ቀርቶኛል፣ ሐጂ።»

መብረቁ ሲበርቅ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ መሰላሉን ግን አልለቀቅሁም። እናቴ ያን ቀን በሰላም ወርዳለች።

አሁንም ሰማዩ አጉረመረመ።

«ውረድ» አልሁት ባለቤቴን።

«ከልጆቹ አልጋ በላይ ያለው ብቻ ቀርቶኛል» አለኝ፤ መዶሻውም ቀጠለ።