አፋፉ ላይ «ይቅደሙ»

ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ መንሸራተት፣ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ቀላል ቁልቁለት አስጠላኝ። ከሲያትል ሁለት ሰዓት ነድተን የምንሄድበት ተራራ ሰፊ ነው፤ ካርታው ላይ ሁለት ጥቁር ዳይመንድ የተሳለበት፣ ለጎበዞች ብቻ የተተወ ቦታ አለው። እሱን ሳላገኝ አልመለስም ብዬ ተነሳሁ።

አብረውኝ የሄዱት ስኪ ያስተማሩኝ፣ ሬድመንድ ከተማ የሚሠሩ ጎረቤቴ ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጠዋቱን ሙሉ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣውን ሊፍት እየቀያየርን ፈለግን። ቀለል ያለውን፣ አንድ ጥቁር ዳይመንድ ያለበትን ሁሉ ወረድነው። «ከባድ የሚሉት ይሄን ነው?» እያልኩ ተናደድኩ። በመጨረሻ አንዱን የተራራ ሠራተኛ ስጠይቀው፣ ሊፍቱ እዚያ ድረስ አይሄድም፣ መንሸራተቻችሁን ተሸክማችሁ በእግር ውጡ አለን። ወጣን።

ከአፋፉ ቁልቁል ስናይ ግድግዳ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ» አልኩ።

«ኧረ በፍጹም! አንቺ ቅደሚ።»

«እርስዎ እያሉ? አይሆንም።»

«ግድ የለም፣ በሞቴ!»

ግብዣ ቤት በር ላይ ያለን ይመስል ስንግደረደር ከኋላችን ሰልፍ ተሠራ። ያኔ በራሴ ተናደድኩ። አክብሮት ሳይሆን ፍርሃት ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ስፎክር ውዬ እዚህ ስደርስ ነው ጨዋ የምሆነው?

«ኦኬ፣ ይቅርታ ጋሼ» ብዬ ገባሁበት።

ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ ግን ታች ደረስኩ። ቀና ብዬ ሳይ ጋሼ አሁንም አፋፉ ላይ ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው፣ የመጣውን ሰው ሁሉ በትህትና ያሳልፋሉ።