ከፍሪጅ የወጣው አክታ

የጤና ጣቢያችን ላቦራቶሪ ያለው ፍሪጅ አንድ ብቻ ነው። በሩ ላይ «ምግብና መጠጥ ማስገባት ክልክል ነው» ብዬ በትልቁ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሳል የጠናባቸው አንድ አዛውንት ቄስ፣ እንደነገርኳቸው ገና አፋቸውን ውኃ ሳይነካው አክታቸውን በሰጠኋቸው ዕቃ ይዘው፣ ዳገቱን እያረፉ ወጥተው አመጡልኝ። ለቲቢ ምርመራ ደብረ ማርቆስ የሚላክ ስለሆነ መኪናው እስኪመጣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ከምሳ ተመልሼ ስከፍተው ከላይ እስከ ታች ቢራ ነው። አንዱ ባልደረባችን ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ነው፤ ለድግሱ ማቀዝቀዙ ነው። የቄሱ አክታ መስኮት ላይ ፀሐይ ይመታዋል።

ደሜ ፈላ። «ማን ነው ያወጣው?» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ያስቆጣሃል? ክዳኑ እኮ አልተከፈተም!» አለኝ የልጁ አባት። ይባስ ብሎ አንድ ቢራ ዘረጋልኝ።

ፀሐይ ላይ የዋለ ናሙና አይላክም። አስወገድኩትና ቄሱን እንደገና አስጠራኋቸው። ያንኑ ዳገት እየሳሉ ወጡት። የሆነውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉኝ። «የፊተኛውን አሳንሼብህ ነው አይደል?»