በሕግ አምላክ ያስቆምኩት አውቶቡስ

ጎሚስታ ቤት የተቀጠርኩ ቀን መጀመሪያ የታዘዝኩት ዓይኔን እንድጨፍን ነበር። አሠሪዬ ጋሼ ሽፈራው አውቶቡስ ተራ ጥግ ላይ ጎማ የሚጠግኑ፣ ሙያውን ከጣሊያን የተማሩ ሰው ነበሩ። አንድ የመኪና ጎማ ፊቴ አጋድመው፣ «ጨፍን! እጅህን ውስጡ ክተትና ዳብስ» አሉኝ። ስዳብስ ሚስማር ወጋኝና ጮህኩ። «ጎበዝ፣ አገኘኸው!» ብለው ሳቁ። ሚስማሩ ውስጥ ከቀረ፣ ካላማዳሪያ የምንለውን የውስጡን ላስቲክ መልሶ ይበሳዋል።

የቀረው ሥራ ቀላል ነው፤ ለሰነፍ ግን አይሆንም። መኪናውን በክሪክ ታነሳለህ፣ ብሎን ትፈታለህ፣ ጎማውን ከቸርኬው ታላቅቃለህ። ካላማዳሪያውን ነፍተህ ውሃ በሞላ ግማሽ በርሜል ትነክረዋለህ። አረፋ የተፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ትፍቀዋለህ፣ ማስቲሽ ቀብተህ ትለጥፋለህ። እኔ ወደድኩት። ተሸካሚው፣ ደላላው፣ ተሳፋሪው ሲጯጯህ እየሰማሁ ስሠራ፣ ምን ልበላችሁ፣ ደሞዝ እየተከፈለኝ ሰርግ ቤት የምውል ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሕማማት ሳምንት፣ ወደ ጎጃም የሚሄድ አውቶቡስ ገና ከተራው ሳይወጣ የፊት ጎማው ተነፈሰ። ተሳፋሪው ለፋሲካ አገሩ ለመግባት ቸኩሏል። ሹፌሩ በቀለ ከሁሉም የባሰ ችኩል ነው። «ቶሎ በል ታዬ! ለጥፈህ ልቀቀኝ» አለኝ። ፈታሁት፣ የበሳችውን ሚስማር ነቀልኩ። እንደ ልማዴ ውስጡን ስዳብስ ጣቴ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ከውስጥ ግን ጎማውን የያዘው ክር ተበጣጥሷል። የአባይ በረሃ ቁልቁለት ትዝ አለኝ።

«በቄ፣ ይሄ ጎማ አባይን አይወርድም» አልኩት።

«መለወጫ የለኝም። ለጥፍ አልኩህ፣ ለጥፍ!»

ጋሼ ሽፈራው ሰምተው መጡ። «ደንበኛ ልታባርርብኝ ነው? የተባልከውን ሥራ!»

«እስቲ ይዳብሱት፣ ጋሼ።»

አልዳበሱም። ራሳቸው ለጥፈው ገጠሙት። በቀለ ሞተሩን ሲያስነሳ ሮጬ ፊቱ ተገተርኩና፣ «በሕግ አምላክ! ቁም!» አልኩ።

የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። በጃንሆይ ጊዜ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው፣ ፖሊስ መጥቶ እስኪገላግል ካለበት አይነቃነቅም። ቃሉን በከንቱ የጠራ ደግሞ ራሱ ይጠየቃል። አውቄ ነው የገባሁበት።

ሞተሩ ጠፋ። አቤት የወረደብኝ ስድብ! እትዬ አስካለ የሚባሉ በርበሬ ነጋዴ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «አንተ ሥራ ፈት! ጾሜን እዚሁ ጎማ ሥር ልታስፈታኝ ነው?» አሉኝ። በሕማማት እንዲያ አሳምሮ የሚሳደብ ሰው አይቼ አላውቅም።

በቀለም ወርዶ፣ «ሰው የሚያደርሰው እግዚአብሔር ነው እንጂ ጎማ ነው እንዴ? እምነት የለህም?» ሲል አውቶቡሱ በሙሉ «እውነቱን ነው!» አለ።

«አምናለሁ እንጂ!» አልኩ። «ያቺ ሚስማር ባትወጋው ውስጡን ማን ይዳብሰው ነበር? እግዜር ሚስማር ልኮ አሳየን። ከዚህ በላይ ምን ያድርግልን?»

ፖሊሱ መጣ። «ውሸት ከሆነ ጣቢያ የምታድረው አንተ ነህ» አለኝ።

«ይሁን፣ ጌታዬ። ጎማው ይፈታና እጅዎን ይክተቱ።»

ከተተ። ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ በቀለ ዞሮ፣ «አንተ ሰው፣ ስንት ነፍስ ነው የጫንከው?» አለው። በቀለ ለአለቃው ሊነግር ሄደ። የአውቶቡሱ ባለቤት ሌላ ጎማ እስኪልኩ ተሳፋሪው ጓዙ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያማኝ ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ ሄዱ። ጋሼ ሽፈራው ያን ዕለት ከሥራ አባረሩኝ።

ፋሲካን ያለ ሥራ ዋልኩ። አልዋሽም፣ በጣም ከፋኝ። አማኑኤል ደጅ ቆሜ፣ «ጌታዬ፣ ያንተን ሥራ ስሠራ የእኔን ታስወስድብኛለህ?» ብዬ አጉረመረምኩ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በቀለ ቤቴ ድረስ መጣ። ሊመታኝ መስሎኝ ዱላ ስፈልግ፣ «ኧረ ና ውጣ፣ አስቸገሩኝ!» አለ።

«እነማን?»

«እትዬ አስካለ ናቸዋ! በርበሬ ሊሸጡ መጥተው ወደ ጎጃም ሲመለሱ፣ ‹ያ ሥራ ፈት ጎማውን ሳይዳብሰው አልሳፈርም› ብለው አውቶቡሱ በር ላይ ቁጭ አሉ። ሌላውም ሰው ተከትሏቸው ወረደ።»

እየሮጥን ሄድን። ጋሼ ሽፈራው ሲያዩኝ ክሪኩን አቀበሉኝ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየሁና፣ «ደህና ናቸው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«የእኔን ጨርሻለሁ፣ እትዬ። መንገዱ የእግዜር ነው።»

«እንዲህ በለኛ!» ብለው ተሳፈሩ።

ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ። ያ ጎማ አባይ ላይ ይፈነዳ ነበር ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አላውቅም፤ እሱን የሚያውቀው እግዜር ነው። እኔ ያወቅኩት ስንጥቁን ነው፤ እሱን ተናገርኩ።